ለሻጋታ አሥር ቀን

እኔ መቀመጥ አልችልም። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነኝ። ካርቱም ዴም ውስጥ፣ ሆሽ በምንለው የጋራ ግቢ፣ ከክፍሌ አጠገብ የሚኖሩት እትዬ ሻይዬን ቆሜ ስጠጣ ባዩኝ ቁጥር «አንቺ ልጅ፣ መቀመጫሽ ላይ እሾህ አለ እንዴ? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማሽም?» ይሉኝ ነበር። ሰምቻለሁ። ግማሹን ሻይ ብርጭቆው ውስጥ ትቼ እወጣለሁ። ወንዙን ተሻግሮ ወደ ባሕሪ ሰፈር የሚሄደው ሐፍላ፣ ሚኒባሱ ማለቴ ነው፣ እንደ እሳቸው ትዕግሥት የለውም።

የማወራው ጦርነቱ ሳይመጣ በፊት ስለነበረች አንዲት ዓርብ ነው። ስለ ጦርነቱ የሚያወራ ሰው ሞልቷል። ስለዚያች ዓርብ ግን ከእኔና ከእትዬ በቀር ደንታ ያለው የለም፤ እኔን እስከ ዛሬ የምታብከነክነኝ ደግሞ እሷ ናት።

እትዬ ስልሳን ያለፉ፣ ከጎንደር በኩል የመጡ ሴት ናቸው። እሳቸው ካርቱም ሲገቡ እኔ ገና ፊደል እቆጥር ነበር። መንገድ ዳር፣ ኒም ዛፍ ሥር፣ ሻይ ይሸጣሉ። እኔ ደግሞ አገሬ ላይ እርሻ ኮሌጅ ገብቼ ስለ ዕፅዋት በሽታ ተምሬያለሁ፤ የተመረቅሁበትን ወረቀት ላስቲክ አስለብሼ ይዤው ነው የተሰደድኩት። አይ ወረቀት! ጀብራ የሚባል የካርቱም ሰፈር ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ሳህን ሳጥብ፣ የሰው ልጅ ሳዝል፣ እስቲ አውጪውና አሳዪን ያለኝ ሰው የለም።

በመጨረሻ ባሕሪ፣ ከፋብሪካዎቹ ጀርባ፣ አንድ ሽማግሌ ሱዳናዊ ችግኝ ጣቢያው ውስጥ ውሃ አጠጪ አድርጎ ቀጠረኝ። ሐጁ እንለዋለን። በዕድሜ አባቴ ነው፤ ግን በዓረብኛው «እርስዎ» የሚባል ነገር ስለሌለ አንደበቴ «አንተ» ማለት ለምዶበታል። አንድ ቀን ሎሚው ላይ ያለውን በሽታ በስሙ ስጠራለት ዓይኑን አጥብቦ አየኝ፤ ከዚያ ወዲህ «ያ ባሽሙሀንዲሳ» ይለኝ ጀመር። እነሱ የእርሻ ምሩቅንም መሐንዲስ ነው የሚሉት። ግማሹ ቀልድ ነው፣ ግማሹ ቁም ነገር። ቀልዱን ለራሱ ይያዘው፤ እኔ ያን ቀን ደስታው ሐፍላ ውስጥ አላስቀምጥ ብሎኝ ነበር።

በዚያ ዓመት የቲማቲም ችግኞቹ ይሞቱ ጀመር። አሟሟታቸው ያናድዳል። ማታ ትቻቸው ስሄድ ደህና ናቸው፤ ጠዋት ስመጣ ግንዳቸው ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ክር አክሎ፣ ጠቁሮ፣ በጎናቸው ተኝተዋል። ቅጠላቸው እኮ ገና አረንጓዴ ነው! አፈር ውስጥ ያለ ሻጋታ ነው እንዲህ የሚያደርጋቸው። ሐጁ መድኃኒት ገዛ፤ ረጨን። ሌላ ገዛ፤ እሱንም ረጨን። ቅጠሉ ተቃጠለ እንጂ በሽታው ሳቀብን። ሁለት ዙር ዘርተን ሁለቱም ሲወድቅ ሐጁ ጥላ ሥር ጠራኝ።

«ደከመኝ» አለ። «በሚመጣው ሳይሆን ከእሱ ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ አንድ ጊዜ እንዘራለን። ያም ከወደቀ ኸላስ፣ በቃ፣ በሩን ዘግቼ ልጆቼ ዘንድ እሄዳለሁ።»

እሱ ልጆቹ ዘንድ ይሄዳል። እኔስ? የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ፣ በእሱ ዋስትና ነው የቆመው። በሩ ከተዘጋ ወረቀቴ ያበቃለታል፤ ወረቀት የሌለው ሐበሻ ደግሞ ካርቱም ውስጥ ፖሊስ ባየ ቁጥር መንገድ እየቀየረ ነው የሚኖረው። ኖሬበታለሁ፤ አልመለስበትም። እውነቱን ልናገር ካልኩ ደግሞ ከኢቃማው እኩል ያቺ «ባሽሙሀንዲሳ» ነበረች የምታንገበግበኝ። ተመልሼ ሳህን አጣቢ ልሆን? በጭራሽ!

ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ ድልድዩ ላይ መኪናው ሁሉ ቆመ፤ እንደ ሁልጊዜው። ሾፌሩ ሙዚቃ ከፈተ፣ ሰዉ ያንቀላፋል፣ እኔ እግሬን አንቀጠቅጣለሁ። የኮሌጅ አስተማሪያችን ትዝ ያለኝ እዚያ ነው። ሻጋታ ሁሉ ጠላት አይደለም ይለን ነበር። ትራይኮደርማ የሚባል አረንጓዴ ሻጋታ አለ፤ አፈር ውስጥ ሲገባ ሥሩን ከብቦ ቦታውን ቀድሞ ይይዛል፣ ክፉው ሻጋታ ሲመጣም ተጠምጥሞ ይበላዋል። በተቀቀለ እህል ላይ ይራባል፤ በአሥር ቀን አረንጓዴ ሲሆን ከአፈር ጋር ይደባለቃል። ተማሪ ሳለን በእጃችን ሠርተነዋል። እንዴት እስከዛሬ ረሳሁት? ብድግ ስል አጠገቤ የነበረችው ሴት ደንግጣ «ፊ ሹኑ?» አለችኝ፣ ምን ሆንሽ ማለቷ ነው። ምን ብዬ ልንገራት፣ ሻጋታ ታወሰኝ ልበላት?

የሻጋታውን ዘር ያገኘሁት ከሐጁ አበባ ከምትገዛ አንዲት የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነው። ለመንኳት፣ ደጅ ጠናሁ፣ በመጨረሻ ጣቴን የምታህል ብልቃጥ ሰጠችኝ፤ ውስጧ አረንጓዴ ብናኝ አለ። ሌላ የለኝም፣ አደራ አለችኝ።

ማክሰኞ ከሥራ እንደገባሁ ፈተሪታ የሚሉትን ነጭ ማሽላ በእትዬ ትልቅ ድስት ቀቀልኩ። አጠንፍፌ በላስቲክ ከረጢት ከፋፈልኩት፣ እንደገና በእንፋሎት አበሰልኩት፤ ሲቀዘቅዝ ከብልቃጧ ቆንጥሬ ቆንጥሬ ጨመርኩበት። ስድስት ከረጢት ሆነ። እትዬ በራፉ ላይ ቆመው ያዩኛል።

«ምንድነው ይሄ ሁሉ ማሽላ?»

«የሥራ ነው፣ እትዬ።»

«የምን ሥራ?»

«ብነግርዎትም አይገባዎትም። ድስቱን አጥቤ እመልሳለሁ።»

እንዲህ ነው የመለስኩላቸው። እሳቸውም ወጡ።

እዚህ ላይ ሆሹ ውስጥ ያለ ሁሉ የሚያውቀውን አንድ ነገር ልናገር። እትዬ ሻይ ሻጭ ከመሆናቸው በፊት ማሽላ እየቀቀሉ አረቄ ያወጡ ነበር። ክልክል ነው፤ ግን ሰው እንጀራውን ካገኘበት ይበላል። አንድ ቀን ከሻ ወጣ፤ ከሻ ማለት ፖሊስ ሰፈር ከብቦ ቤት ለቤት የሚያደርገው አፈሳ ነው። የተቀቀለ ማሽላ በጆንያ ተገኘባቸው። ወራት ታስረው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ማሽላ ሊቀቅሉ ቀርቶ ሲቀቀል ሲሸታቸው እንኳ በር ይዘጋሉ። ይሄን ሁሉ እያወቅሁ፣ ግድግዳችን አንድ በሆነበት ቤት፣ ስድስት ከረጢት የተቀቀለ ማሽላ አልጋዬ ሥር ደረደርኩ፤ ምን እንደሆነም አልነገርኳቸው። ጉድ እኮ ነው! መማር ማለት ይሄ ከሆነ ይቅርብኝ።

አሥሩን ቀን እንዴት እንዳሳለፍኩት እኔና ሙከየፉ እናውቃለን። ሙከየፍ ያ መስኮት ላይ የሚሰካው፣ በውሃ የሚሠራው ማቀዝቀዣ ነው። ሻጋታው ሙቀት ከበዛበት ይሞታል፤ ካርቱም ደግሞ ጥቅምት ገብቶም ጣራው ይጋግራል። መብራት ሲጠፋ ጆንያ ውሃ ነክሬ ከረጢቶቹን አለብሳቸዋለሁ። ሥራ ስሄድ ቁልፌን እትዬ ጋ ትቼ «መብራት ሲመጣ ሙከየፉን ያብሩልኝ» እላቸዋለሁ፤ ሻያቸውን ለጎረቤታቸው አደራ ብለው እየመጡ ያበሩልኛል። ለምን እንደሆነ አልጠየቁኝም። አንዴ ጠይቀው ምን እንዳልኳቸው ያስታውሳሉዋ!

ባሕሪ ሆኜ ፀሐይዋ ስትጠነክር እሰድባታለሁ። ሠራተኞቹ አበደች ይላሉ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ድልድዩን ተሻግሬ መጥቼ፣ አልጋው ሥር አጎንብሼ አይቼ፣ እህል ሳልቀምስ ተመለስኩ። በሦስተኛው ቀን ማሽላው ነጭ ጥጥ ለበሰ። በስድስተኛው ቀን ጥጡ ጠርዝ ጠርዙን አረንጓዴ አወጣ፤ ብቻዬን ክፍሌ ውስጥ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። በዘጠነኛው ቀን ስድስቱም ከረጢት ጎመን መስለው ቁጭ አሉ። ሽታቸውም ወጣ፤ ደስ የሚል የእርጥብ እንጨት ሽታ። ለእኔ ማለቴ ነው። ከግድግዳው ማዶ ላለ ሰው የሻገተ ማሽላ ነው የሚሸተው።

አሥረኛው ቀን ዓርብ ሆነ። ዓርብ ካርቱም የዕረፍት ቀን ስለሆነ እኛ ክርስቲያኖቹም ቤተ ክርስቲያን የምንሰባሰበው በዚያው ቀን ነው። ነጠላዬን ለብሼ፣ ቁልፌን እንደ ልማዴ እትዬ ጋ ትቼ ሄድኩ። አስቀደስኩ አልልም፤ ቆሜ ነበር ብል ይሻላል። አፌ «አቤቱ ማረን» ይላል፣ ልቤ አልጋው ሥር ነው። ነገ ቅዳሜ ነው፣ ነገ ይዘራል፣ ነገ ከረጢቶቹን በምን ጭኜ ነው የምሄደው? ቄሱ አሰናብተው ሳይጨርሱ ጫማዬን ፍለጋ ወጣሁ።

በሆሹ በር ስገባ መጀመሪያ ያየሁት አንገረቡን ነው፤ ያን በገመድ የተጠለፈውን አልጋ። ግቢው መካከል፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ ወጥቷል። ነጭ አንሶላ ተነጥፎበታል። አንሶላው ላይ ማሽላ፣ ታጥቦ ነጥቶ፣ ተሰጥቷል። የእኔ ማሽላ! አጠገቡ እትዬ እጅጌያቸውን ሰብስበው ቆመዋል፤ እግራቸው ሥር ባልዲ አለ።

«መጣሽ? እሰይ» አሉ፤ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «ከሻ ወጥቷል፣ ከላይ በኩል ቤት ለቤት እየገቡ ነው አሉ። ያ ማሽላሽ ደግሞ ሻግቷል፣ ሸቷል። በከረጢት ቢያገኙት ለአረቄ ነው ይሉናል። አጥቤ አሰጣሁት፤ ቢመጡም የሚበላ እህል ነው እንላቸዋለን። አልጣልኩትም ልጄ፤ እህል አይጣልም።»

ልጄ አሉኝ። አልሰማሁም።

«ምን አደረግሽ?» አልኩ። «እርስዎ» ማለት ከአፌ ጠፋ። «ምን አደረግሽ አንቺ ሴትዮ! አሥር ቀን የለፋሁበትን! ማን ንኪልኝ አለሽ?»

«ልጄ፣ እኔ እኮ ከሻ ሲሉ ጊዜ…»

«ከሻ፣ ከሻ! እስር ቤት ያላስተማረሽን እኔ ላስተምርሽ ነው?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ልብስ ታሰጣ የነበረች ጎረቤታችን እጇ ገመዱ ላይ እንዳለ ቀረ። እትዬ የሰበሰቡትን እጅጌያቸውን ብቻ አንድ በአንድ አወረዱ። ለእኔ ግን አልበቃኝም፤ የምመታው ነገር ፈለግሁና ባልዲውን በእርግጫ አነሳሁት።

ባልዲው ተንከባሎ ግድግዳው ሥር ቆመ። ውስጡ የነበረው ውሃ ግቢው ላይ ተዘረጋ። አረንጓዴ ነው፤ ድፍርስ፣ ወፍራም አረንጓዴ። ቧንቧው ሁለት ቀን ስለጠፋ እትዬ ማሽላውን ያጠቡበትን ውሃ አልደፉትም፤ ለአቧራው ማርከፍከፊያ ብለው አስቀምጠውታል።

በስመ አብ! ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አስተማሪያችን ደጋግሞ የነገረን ነገር ነበር፤ እህሉ ዕቃ ነው፣ ዋናው ላዩ ላይ ያለው አረንጓዴ ብናኝ ነው፤ እህሉን በውሃ ማጠብ፣ ውሃውን ለአፈሩ ማጠጣት ነው። እትዬ ማንም ሳያስተምራቸው የነገውን ሥራዬን ግማሽ ሠርተውልኝ ነበር። አሥሩ ቀን በሙሉ ባልዲው ውስጥ ነበር። በእግሯ የደፋችው ምሩቋ ናት።

በነጠላዬ፣ በቤተ ክርስቲያን ቀሚሴ፣ መሬት ላይ ተንበረከክሁ። አፈሩ ሳይመጥጠው እርጥቡን በእጄ እቧጥጣለሁ። ጠጠር አለው፣ የከሰል ትቢያ አለው፣ ላባ አለው፤ ሁሉንም እሰበስባለሁ። ማጠራቀሚያ እንኳ የለኝም፣ ነጠላዬ ላይ ነው የማደርገው። አለቅስ ነበር፤ መደበቅ ምን ይጠቅማል። እትዬ ወደ ክፍላቸው ገቡ። በቃ፣ ዘጉብኝ አልኩ። ተመልሰው ወጡ፤ የሻይ ትሪያቸውንና የከሰል መጫሪያቸውን ይዘዋል። ከጎኔ ሲንበረከኩ ጉልበታቸው ሲንቋቋ ሰማሁት። እሳቸው በመጫሪያ፣ እኔ በእጄ፣ አንድ የቀለም ቆርቆሮ ጭቃ ሞላን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እያሉ ስንት ዓመት የተረቱብኝ ሴት ያን ቀን ትንፍሽ አላሉም። ቢተርቱብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሻውም ወደ እኛ ሳይደርስ ቀረ።

ቅዳሜ ጠዋት ቆርቆሮዬን ታቅፌ ድልድዩን ተሻገርኩ። ሐጁ ክዳኑን ከፍቶ አየና «ይሄ እኮ ጭቃ ነው!» አለ።

«ደዋ ነው» አልኩት፣ መድኃኒት ነው።

«ወላሂ?»

መማል አልቻልኩም። «ኢንሻላህ» አልኩት።

ጭቃውን በውሃ በጠበጥኩ፣ በጨርቅ አጠለልኩ፣ ከችግኝ አፈሩ ጋር አደባለቅሁ። ለሁሉም አልበቃም፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት መደቦች ምንም ሳይደረግላቸው ተዘሩ። ሐጁ እጁን አራግፎ «ያላ፣ አላህ ያውቃል» አለና ሄደ።

ቡቃያው ብቅ እስኪል፣ ብቅ ካለ በኋላም መቆሙና መውደቁ እስኪለይ፣ ቀኑ ሁሉ ረዘመብኝ። ጠዋት ከሁሉ ቀድሜ ደርሼ ግንድ ግንዱን በጣቴ እነካለሁ። ቤት ስገባም ዕረፍት የለኝም። እትዬ ሰላምታ አልነፈጉኝም፤ «ደህና ዋልሽ?» ይላሉ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። ሻይም ያቀርቡልኛል። ግን ተቀመጪ አይሉኝም፣ እሾህ አለብሽ ወይ አይሉኝም። ከዚያች ዓርብ በማግሥቱ ቁልፌን ስሰጣቸው እጃቸውን አልዘረጉም። «ከእንግዲህ ራስሽ ያዢው» አሉ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ፤ እኔ ግን ወግቼም መርሳት አቃተኝ። ይቅርታ ልጠይቅ በቀን አሥር ጊዜ አፌን እከፍታለሁ፤ ሐፍላው ሊያመልጠኝ ነው ብዬ እዘጋዋለሁ። ሐፍላው ገና ሳይመጣ!

እነዚያ ሁለት መደቦች ከበቀሉ ሳምንት ሳይሞላቸው ተኙ። ጭቃው የገባላቸው ግን ቆሙ። ሁሉም ናቸው አልልም፤ እዚህም እዚያም የወደቀ ነበር። ግን ቆሙ፣ ግንዳቸውም ወፈረ። ሐጁ በመደቦቹ መካከል ተመላለሰ፤ ጎንበስ ብሎ አንዱን ነቀለና ሥሩን አየ። ሥሩ ነጭ ነው።

«ያ ባሽሙሀንዲሳ» አለ። ያን ቀን ቀልድ አልነበረበትም። «እሑድ ኢቃማሽን ይዘሽ ነይ፣ እናሳድሰዋለን። በሩም አይዘጋም። ይሄን ማን አስተማረሽ?»

ኮሌጅ ብል እውነት ነበር። አፌ ላይ የመጣው ግን ሌላ ነው። «ጎረቤቴ ናት፣ ሻይ የምትሸጥ» አልኩት። ሳቀ፤ እሱ ደግሞ ቀልድ መሰለው።

አሥር ችግኝ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልዬ ወደ ዴም ተመለስኩ። እትዬ ሥራ ጨርሰው ሆሹ ውስጥ፣ አንገረባቸው ላይ ተቀምጠው ብርጭቆ ያደርቃሉ። ጎረቤቶቹ ሁሉ ውጭ ናቸው። ችግኞቹን አጠገባቸው አኖርኩና እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

«ተነሺ፣ ሰው ያያል።»

«የሰደብኩዎት ሰው እያየ ነው፤ ይይ። ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ። ያንን የእስር ቤቱን ነገር…»

«እሱን ተይው» አሉ። ብርጭቆውን አስቀመጡ። ጋዜጣውን ገለጥ አድርገው ችግኞቹን አዩ። «መታሰሬን አገር ያውቃል። እኔን ያመመኝ ሌላ ነው። ለሻጋታ አሥር ቀን ሰጠሽ። ሙቀት እንዳይነካው ጆንያ አለበስሽው፣ ምሳሽን ትተሽ መጥተሽ አየሽው። እኔ ምንድነው ብዬ ስጠይቅሽ ግን አንድ ደቂቃ ነፈግሽኝ። ብትነግሪኝ ኖሮ እኮ፣ ልጄ፣ ከሻው ቢመጣ በራፉ ላይ ቆሜ እጠብቅልሽ ነበር።»

ተነስቼ ቆምኩ። እግሬ እንደ ልማዱ ወደ ክፍሌ ሊሮጥ ፈለገ።

እትዬ ፈቀቅ አሉና አጠገባቸው ያለውን ቦታ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

«በይ አሁን ንገሪኝ። ከመጀመሪያው ጀምረሽ፣ ቀስ ብለሽ። እኔ አልቸኩልም።»

ተቀመጥኩ።